የአባቦራ ዚክር

ልብስ ሰፊው አባቦራ እጃቸው መንቀጥቀጥ የጀመረ ሰሞን በመጀመሪያ የተወነጀለችው የስፌት መኪናቸው ናት። «ይቺ ብረት አርጅታ መዝለል ጀምራለች» ብለው ዘይት አጠጧት፣ መርፌዋን ቀየሩላት፣ ፔዳሏን ፈተው ገጠሙ። መኪናዋ ምን ታድርግ! እሷ እንደ ድሮዋ ቀጥ ብላ ትሰፋለች። ከዚያ ጥፋቱ በክሩ ተላከከ። «የኅብረት ሱቅ ክርም ክር ሆኖ!» እያሉ በደጃፋቸው ለሚያልፈው የጅማ ሂርማታ ገበያተኛ ሁሉ ያማርራሉ። ይህን ሲሉ ታዲያ ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተቀምጦ ለብቻው ሥራ ይዟል፤ አውራ ጣታቸው በሌባ ጣታቸው ላይ ቀስ እያለ ይሽከረከራል።

ዘይቡ መኪናዋንም ክሩንም አልከሰሰችም። የአባቦራ አንድያ ልጅ ናት፤ ቁልፍ መትከሉም ጫፍ መዘምዘሙም የእሷ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ከአባቷ ጎን ትውላለች፤ ሌላው የማያየውን ታያለች። አባቷ ሲሄዱ ቀኝ ክንዳቸው አይወዛወዝም። እርምጃቸው አጥሯል። ድምፃቸው እያነሰ ሄዶ አንዳንዴ «ምን አሉኝ አባ?» ማለት የግድ ሆኗል። ከሁሉ ያስፈራት ግን ፊታቸው ነው። አባቦራ በራሳቸው ቀልድ ከሰው ቀድመው የሚስቁ ሰው ነበሩ። አሁንም ቀልዱ እንዳለ አለ፤ የቀበሌው ካድሬ ካኪ ልብሱን ሊለካ ሲመጣ «ጓድ፣ ሆድዎ ከአብዮቱ ጋር ወደፊት እየገሰገሰ ነው» ይሉታል። ፊታቸው ግን ቅንጣት አይፈታም። ካድሬው ቁም ነገር አድርጎ እንዳይወስደው ዘይቡ በአባቷ ፈንታ ትስቅለታለች።

ይህ የሆነው አሥረኛው የአብዮት በዓል ባለፈ በዓመቱ ነው። ዘይቡ እየለመነችም እየተቆጣችም አባቷን አውቶቡስ ላይ አሳፍራ አዲስ አበባ ወሰደቻቸው። ሐኪሙ ጣታቸውን አስከፍቶ አስዘጋቸው፣ ኮሪደሩን ወዲያና ወዲህ አስኬዳቸው፣ ስማቸውን ደጋግመው እንዲጽፉ አደረጋቸው። ፊደሉ እየደቀቀ እየደቀቀ ሄዶ መጨረሻው ላይ ጤፍ አከለ።

«ፓርኪንሰን ይባላል» አለ ሐኪሙ። «እንዲህ በቀላሉ አይገድልዎትም። ግን አይለቅዎትም፤ አብረውት መኖር ነው።»

«ታዲያ ሚስት ነዋ!» አሉ አባቦራ።

ሐኪሙ ሳቀ። ዘይቡም ሳቀች፤ እንባዋም አብሮ መጣ። ሐኪሙ ክኒን ሰጣቸውና አስረዳት፤ በባዶ ሆድ ይውሰዱት፣ ከሥጋ ጋር ከሆነ ሥጋው ይቀድመውና አይሠራም፣ ሲሠራም እጁን ዝም የሚያሰኘው ለተወሰነ ሰዓት ነው። «በተረፈ ይሥሩ፣ ይራመዱ፣ ከሰው ጋር ይጫወቱ» አላቸው። «ቤት ቁጭ ካሉ በሽታው ደስ ይለዋል።»

ሲመለሱ አውቶቡሱ ጊቤን እንደተሻገረ አባቦራ ወደ ልጃቸው ጆሮ ጠጋ አሉ።

«ለእናትሽ እንነግራታለን፣ ከእሷ የሚደበቅ ነገር የለም። ከእሷ በቀር ግን ለማንም! ወላሂ በይ።»

«ለምን አባ? በሽታ እኮ ነው፣ ስርቆት አይደለም።»

«ጅማ በሙሉ ‹ሚስኪን አባቦራ› ሲል መስማት አልፈልግም። ሚስኪን የሚሉት ሰው አንዴ ሚስኪን ከተባለ ቀልዱ እንኳ አያስቅም። ወላሂ በይ!»

«ወላሂ» አለች። ምነው ባላልኩ ያለችው ገና ጅማ ሳይገቡ ነው።

ቤት ውስጥስ ነገሩን በደንብ ያዙት። ጠዋት ጠዋት ዘይቡ አባቷን ግቢ ውስጥ ታስኬዳለች፤ «ሰፋ አድርገው ይርገጡ አባ! የማንን መሬት ነው የሚቆጥቡት?» ትላለች። እግራቸው ደጃፉ ላይ ሲጣበቅና አልላወስ ሲል እናቷ ኩልሱም ያጨበጭባሉ፤ በጭብጨባው ምት እግራቸው ይነሣል፣ ገብተውም ይቀመጣሉ። «በስተርጅና እንደ ሙሽራ በጭብጨባ ገባሁ» ይላሉ አባቦራ። ደህና ነበር። ውጭ ሲወጡ ግን ያቺን እጅ ኪሳቸው ውስጥ ይከቷታል፤ ሰላምታ እንኳ በግራ ሊያደርጉ ጀመሩ፤ በግራ ሰላም የሚል ሙስሊም ደግሞ ያስታውቃል። የመስጊድ ወዳጆቻቸውንም መሸሽ አመጡ። ይሄኔ ዘይቡ ሆድ ባሳት።

ያልተጠበቀው ነገር የመጣው በአሰገደች በኩል ነው። አሰገደች ከስፌት ቤቱ ማዶ ሻይና ፓስቲ የምትሸጥ ጎረቤት ናት። ክፋት የላትም፤ አፏ ግን በር የለውም። አንድ ቀን አባቦራ እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ደጃፍ ላይ ሲያንቀላፉ አየቻቸው።

«አባቦራን አያችሁልኝ?» አለች ለሻይ ጠጪዎቿ። «ዚክር ላይ ናቸው እኮ፣ የአላህን ስም እየጠሩ! ጣታቸውን እዩ፤ ያለ መቁጠሪያ ነው የሚቆጥሩት!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። እውነትም አውራ ጣታቸው በሌባ ጣታቸው ላይ አንድ በአንድ ይገፋል። ተስቢህ የሚቆጥር ሰው ጣት ማለት እሱ ነው፤ የጎደለው መቁጠሪያው ተስቢህ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያማ ያልታየው ሁሉ ይታያቸው ጀመር። ፊታቸው የማይፈታው ዱንያን ንቀው ነው ተባለ። ድምፃቸው ያነሰው ትሕትና ነው ተባለ። እርምጃቸው ያጠረው አላህን የሚፈራ ሰው መሬትን በትዕቢት ስለማይረግጥ ነው ተባለ። ሐኪሙ አዲስ አበባ ላይ ለቅሞ ያወጣው የበሽታ ምልክት ሁሉ ሂርማታ ሲደርስ አንድም ሳይቀር የወሊይ፣ የቅዱስ ሰው ምልክት ሆነ።

አሰገደች ላሟ ወተት ነሥታት ነበርና ክርስቲያንነቷም አላገዳት፤ መጥታ «አባቦራ፣ ማሎ፣ ለላሜ ዱዓ ያድርጉልኝ» ብላ ለመነች። አባቦራ ምን ይበሉ? እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ላሟ በማግሥቱ ወተቷን ለቀቀች። በቃ፣ ጉድ ፈላ! ከሰርቦ ራስ ምታት ያለበት መጣ፤ ከሰቃ ባሏ የኮረፈባት መጣች፤ ከአጋሮ በቅሎው የጠፋችበት መጣ። በቅሎዋም ተገኘች፤ ለነገሩ ጎረቤት ግቢ ነበረች።

«አንተ ሰውዬ አላህን ፍራ!» አሉ ኩልሱም። «ትናንት ሱሪ የምታሳጥር ሰውዬ ዛሬ ወሊይ ነኝ ልትል ነው?»

«እኔ መቼ አልኩ? አንድ ቃል ከአፌ አልወጣም። ዱዓ አድርግልኝ ሲሉኝ አደርጋለሁ። ዱዓ ሐራም ነው?»

«ዝም ማለትህስ?»

አባቦራ ጆሮው እንደደከመ ሰው ወደ መኪናቸው ዞሩ። ዘይቡ አንዴ ትስቃለች፣ አንዴ ትጨነቃለች። እጃቸው ከኪስ ወጥታለች። መስጊድ ተመልሰዋል። ሰው «ሚስኪን» ሳይሆን «ማሻአላህ» ይላቸዋል። ይህን ከአባቷ ላይ በምን አንጀቷ ትቀማለች?

በዚህ መሃል የእሷ ሰርግ ደረሰ። የሚያገባት ቲጃኒ የአጋሮ ልጅ ነው፤ መካኒክ፣ ዝምተኛ፣ እጁ ላይ ሁልጊዜ ትንሽ ግሪስ የማይጠፋው። ነገሩ አልቆ፣ ቀኑም ተቆርጦ ሳለ አባቦራ አንድ ጠዋት መቀሳቸውን አስቀመጡና «ኒካሕሽን አብዱልሰመድ ያስራል፤ ወኪሌ አድርጌዋለሁ» አሏት። አብዱልሰመድ ታናሽ ወንድማቸው ነው።

ኒካሕ ሲታሰር የሙሽራዋ አባት የሙሽራውን ቀኝ እጅ በቀኝ እጁ ይጨብጣል። አውራ ጣትና አውራ ጣት ይገጥማል፤ ነጭ ጨርቅ ከላይ ይደረባል፤ አባትየው በምስክር ፊት «ልጄን ድሬልሃለሁ» ይላል። ዘይቡ ከልጅነቷ ጀምሮ በሰው ሰርግ ከመጋረጃ ኋላ ሆና ይህንን ቃል ስትሰማ፣ አንድ ቀን በእነዚያ ሁሉ አባቶች ቦታ አባቷ ተቀምጠው ይታዩዋት ነበር።

«ለምን?» አለች።

«በሸሪዓ ይቻላል።»

«እንደሚቻልማ አውቃለሁ። ለምን ነው ያልኩት።»

አባቦራ እጃቸውን አዩ። «ጨርቁ ሲንቀጠቀጥ ሰው ሁሉ ያያል። በልጄ ቀን መሳቂያ አልሆንም።»

«እኔን ያሳደገችኝ እጅ አጎቴ ክንድ ላይ አይደለችም ያለችው!» አለች ዘይቡ። «እርስዎ ካልሰጡኝ ማንም አይስጠኝ። እዚሁ ቁልፍ ስተክል አረጃለሁ።»

አባቦራ ልጃቸው እንዲህ ስትሆን አይችሉም። ብዙ ከተጨቃጨቁ በኋላ ተስማሙ፤ ጠዋት ክኒኑን በባዶ ሆድ ይውጣሉ፤ ረፋድ ላይ ኒካሑን የሚያስፈጽሙት ቃዲ ሲደርሱ እጃቸው ዝም ብላ ከሆነች ራሳቸው ያስራሉ፤ ዝም ካላለች ግን አብዱልሰመድ። «ሃዬ፣ እሺ» አሉ አባቦራ። አብዱልሰመድ ግን ይሄኛው ስምምነት ሳይነገረው ይሁን ተነግሮት ችላ ብሎት፣ አዲስ ግራጫ ሱፍ አሰፍቶ ጠበቀ።

የሰርጉ እሑድ ጠዋት ክኒኑ ተዋጠ። ብዙም ሳይቆይ እጅየዋ ፀጥ አለች። አባቦራ ጓዳ ድረስ ገብተው ለኩልሱም አሳዩዋቸው፤ «እያት! እንደ ጨቅላ ተኝታለች።» ዘይቡ ሂናዋ ገና ያልደረቀ እጇን ወደ ላይ ይዛ «አልሐምዱሊላህ» አለች። ሙሽራው ከአጋሮ ደርሶ ምንጣፉ ላይ ተቀምጧል። ሁሉ ነገር ዝግጁ ነው። የቀሩት ቃዲው ብቻ ናቸው።

ቃዲው ሐጂ ጀማለዲን የት ናቸው? ቀበሌ ስብሰባ! የእሳቸው ቀበሌ ያን ጠዋት ለቡና ለቀማ ዘመቻ ድንገተኛ ስብሰባ ጠርቶ፣ በሩ ላይ አብዮት ጥበቃ አቁሞ፣ ውሳኔ ሳይተላለፍ ማንም አይወጣም ብሏል። ያልተገኘ ደግሞ የወሩ ስኳር አይሰጠውም። ካድሬው ተናግሮ ሲጨርስ ሌላ ተናገረ፤ እሱ ሲጨርስ የመጀመሪያው ማጠቃለያ ጀመረ። ሐጂ «ኒካሕ አለብኝ» ቢሉ «ከቡናው ይበልጣል?» ተባሉ።

ረፋዱ አለፈ። ቀትር ሆነ። አብዱልሰመድ ረሃብ የማይችል ሰው ነው፤ ትልቅ ሳህን ጥብስ አስመጣና «የሙሽራ አባት ጾሙን አይውልም፣ ብላ ወንድሜ!» እያለ አባቦራን በጉርሻ አጣደፋቸው። ዘይቡ በመጋረጃው ቀዳዳ አየች። ሥጋ! ክኒን በሰው ላከችላቸው፤ አባቦራም ዋጡት፤ ግን ከዚያ ሁሉ ጥብስ ኋላ የደረሰ ክኒን ምን ይሠራል? ሐጂ ጀማለዲን እያለከለኩ በር ላይ ሲደርሱ የአባቦራ አውራ ጣት ሥራዋን ጀምራ ነበር።

ወንዶቹ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ሴቶቹ ከመጋረጃው ኋላ ዝም ዝም ተባባሉ። አብዱልሰመድ ወንድሙን አይቶ ጉሮሮውን ጠረገና ሱፉን እያስተካከለ ሊነሣ ሲል፣ ቃዲው በእጃቸው አስቆሙት።

«ቁጭ በል። ዚክር ላይ ናቸው፤ ይጨርሱ። አናቋርጣቸውም።»

ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ጠበቁ። የአባቦራ ጣት ይሽከረከራል። አሁንም ጠበቁ። አንዳንዱ የራሱን ተስቢህ አወጣ። ቲጃኒ እጁን ዘርግቶ ስለነበር መልሶ ይሰብስበው ይተወው ጨንቆታል። እነዚህ ሰዎች የሚጠብቁት ዚክር እስከ ዓመት ቢቀመጡም እንደማያልቅ ከመጋረጃው ኋላ ካሉት የሚያውቁት ዘይቡና እናቷ ብቻ ናቸው። አባቷ በዓይናቸው አብዱልሰመድን ሲፈልጉ አየች። አንድ ጥቅሻ በቂ ነው፤ ወኪሉ ይነሣል፣ ምስጢሩ ይጠበቃል፣ እሷም በአጎቷ እጅ ትዳራለች።

ቃዲው ግን ሐሳባቸው ሌላ ነበር። «ይህን ያህል ዘመን ኒካሕ ሳስር እንዲህ ያለ ሰው አላጋጠመኝም» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «በልጁ ሰርግ ቀን እንኳ ጌታውን ያልዘነጋ! በረካውን እንካፈል።» ከዚያ በዕድሜም በዕውቀትም የሚበልጡት ሐጂ ጎንበስ ብለው ያቺን የምትንቀጠቀጥ እጅ ሊስሙ አፋቸውን አስጠጉ።

አባቦራ እጃቸውን መነጨቁ።

«ተው ሐጂ! ተው! ዚክር አይደለም።»

ከዚያ ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞሩ።

«በሽታ ነው። ፓርኪንሰን ይሉታል፤ አዲስ አበባ ታይቶ ነው። እናንተ ዚክር ስትሉኝ ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ፤ ሚስኪን ከምባል ብዬ። እኔ ወሊይም አይደለሁ፣ ምንም አይደለሁ፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። አላህ ይማረኝ። እናንተም አውፍ በሉኝ።»

ከመጋረጃው ኋላ አሰገደች መቼ አስችሏት!

«ታዲያ ላሜ በምን ዳነች?»

መጀመሪያ የሳቁት ሐጂ ጀማለዲን ናቸው። እሳቸው ሲስቁ ቤቱ በሙሉ ፈነዳ፤ ቲጃኒ እንኳ ሳቀ። «የበሽተኛ ዱዓ ከጤነኛ ይልቅ ይሰማል» አሉ ቃዲው ዓይናቸውን እየጠረጉ። «አውፍ ብለናል! አላህ ያሽርዎት። አሁን እጅዎን ያምጡ፤ ለዚክር ያልሆነች እጅ ለኒካሕ ትሆናለች።»

አብዱልሰመድ «እኔስ?» አለ።

«አንተ ያንን ሱፍ ለራስህ ልጅ ሰርግ አቆየው» አሉት ወንድሙ።

አባቦራ እጃቸውን ዘረጉ። ቲጃኒ አጥብቆ ያዘ፤ አውራ ጣትና አውራ ጣት ገጠመ፤ ነጩ ጨርቅ ተደረበ። ጨርቁ ይርገበገባል። ማንም አልሳቀም። አባቦራ አፋቸውን ከፈቱና ቃሉን አሉ፤ ግን ከጢማቸው አልፎ የሄደ ድምፅ አልነበረም። ምስክሮቹ ተያዩ።

«አልተሰማም» አሉ ቃዲው በለሆሳስ። «ከፍ ያድርጉት።»

አባቦራ ደገሙት። አሁንም ሹክሹክታ ነው። ቃዲው አዝነው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ምስክር መስማት ግዴታ ነው። ድምፅ እምቢ ካለ እንግዲህ ወኪሉ...» ማለት ሲጀምሩ አባቦራ ጨብጠው የነበረውን እጅ ላላ አደረጉት። ዘይቡ በቀዳዳው አየችው፤ ጣቶቻቸው ሲላሉ አየች።

ሙሽራ በኒካሕ ሰዓት ትንፍሽ አትልም። ጅማ ውስጥ አይደለም፣ የትም ቢሆን አትልም። ዘይቡ ግን መጋረጃውን ሂና በተቀባ እጇ ጨብጣ ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች፤

«አባ! አልሰማሁም!»

ሴቶቹ «ሱብሃነላህ!» ብለው አፋቸውን ያዙ። ኩልሱም ልጃቸውን ክንዷን ቆነጠጧት፤ ግን አልጎተቷትም። አባቦራ ወደ መጋረጃው ዞሩ። ፊታቸው አልተፈታም፣ እንደ ወትሮው ደርቋል። ዘይቡ ግን ከዚያ ፊት ኋላ አባቷ እየሳቁ እንደሆነ በዓይናቸው አወቀች።

«ምን አልሽ?»

«አልሰማሁም አልኩ! እኔማ ሳልሰማ አልሄድም!»

አባቦራ ትንፋሻቸውን ሳቡ። የቲጃኒን እጅ እስኪያመው ድረስ ጨመቁት። ከዚያ ያ ስንት ወር ተደብቆ የቆየ ድምፅ ፈንቅሎ ወጣ፤ አሰገደች ሻይ ቤት ያሉ ሰዎች ሳይቀሩ ሰሙት።

«ኢንታላኮ፣ ልጄ! ልጄን ዘይቡን፣ እኔ አባቷ በገዛ እጄ፣ ላንተ ለቲጃኒ ድሬልሃለሁ! አሁንስ ሰማሽ?»

«ሰማሁ!» አለች ዘይቡ፤ እያለቀሰች ነበር።

እልልታው ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። ቲጃኒ «ተቀብያለሁ» ያለው በእልልታው ተዋጠና ቃዲው ሴቶቹን ተቆጥተው ዝም አሰኝተው ደግሞ እንዲለው አደረጉት፤ ደግሞ አለ። ጨርቁ ሲነሣ አባቦራ የሙሽራውን እጅ ገና አልለቀቁም ነበር። ቃዲው «ይበቃል፣ ታስሯል» ቢሏቸውም «ትንሽ ልያዘው» አሉ።